በስጦታ የመጣች የቆርቆሮ አውቶብስ

ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት፣ አጠገቧ ያለው ሰው የያዛትን የቆርቆሮ መጫወቻ አውቶብስ ትኩር ብላ አየች።

«ወንድም፣ ይቺን ከየት አገኘሃት?»

«የድሮ መጫወቻ የምንሰበስብበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። አንዲት አባል በነጻ ላከችልኝ።»

«ወዴት ትወስዳታለህ?»

«ሸጥኳት። ገዢው ጎብዬ ይጠብቀኛል።»

«የሰጠችህ ሴት ታውቃለች?»

«ከሰጠች በኋላ ምን አገባት? የኔ ናት።»

«‹ከስብስቤ የጎደለችኝ እሷ ብቻ ናት› ብለህ ለምነሃት አልነበረም?»

ሰውዬው አውቶብሷን ወደ ደረቱ ሳብ አደረጋት።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ ነኝ። አባቴ የገዛልኝን ሰጠሁህ። አሁን በሌላ ስም ከአንተ የገዛኋትም እኔው ነኝ።»

ሮቢት መውረጃዬ ነበር፤ የሁለቱን መጨረሻ ለማየት ግን «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።