የእትዬ ሐር ጥፍርና የበረኪናው ሳፋ

እትዬ ሐር ወደዚያ መድኃኒት ቤት የገቡት የቁስል ፕላስተር ሊገዙ እንጂ ምክር ሊሰሙ አልነበረም። የወንድማቸው ልጅ እዚያ ሥራ መጀመሯን ቢያውቁ ኖሮ መንገዱን ተሻግረው ሌላ ቤት በገቡ ነበር። እሷ ግን ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ስትል ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ። እጃቸውን ቶሎ ብለው ሻርፓቸው ውስጥ ቢሸጉጡም አላመለጡም።

"ሐር" የሚለው ስም የወጣላቸው በሥራቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ጥልፍ ቤት የሙሽራ ቬሎ ሲጠልፉ ኖረዋል፤ ነጭ ሐር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነኩት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ከዱሮም ሳሳ ያለው ጥፍራቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ ብሶበት እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ ይላጥ፣ ጫፉም ይሰነጠቅ ጀመር። የተሰነጠቀ ጥፍር ሐር ላይ ካረፈ ክሩን ይመዛል፤ የተመዘዘ ሐር ደግሞ አይመለስም። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ቬሎ ተበላሸባቸው። አሠሪያቸው በትሕትና፣ ግን ፍርጥም ብሎ፣ "ለሦስተኛ ጊዜ ከተደገመ ወደ አዝራር ጠረጴዛው ይዛወራሉ" ብሏቸዋል። የአዝራር ጠረጴዛ ማለት እጁ አለቀለት የተባለ ሰው ጡረታው እስኪደርስ የሚቀመጥበት ጥግ ነው። እትዬ ሐር ከዚያ ጥግ ሞትን ይመርጣሉ።

"እትዬ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ" አለች የወንድማቸው ልጅ።

"ፕላስተር ስጪኝ አልኩሽ እንጂ እጄን እይልኝ አላልኩሽም።"

"ፕላስተሩ ለምንዎ ነው?"

"ለጥፍሬ ነዋ። ሙጫው አልይዝ ብሎኛል።"

"የምን ሙጫ?"

"የጫማ ሙጫ። ምን ያስደነግጥሻል? ጫማ የያዘ ጥፍር አይዝም?"

ልጅቱ ዐይኗን ጨፍና ከፈተች። ከዚያ ዞራ መጣችና እጃቸውን ሳታስፈቅድ ሳበች። እትዬ ሐር ሊቆጡ አሰቡ፤ ግን አያያዟ እሳቸው ሐር እንደሚይዙት ዓይነት ሆነባቸውና እጃቸውን ተዉላት። ጥፍሩ ሳስቷል፣ ደብዝዟል፤ የአውራ ጣቱማ መሃሉ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል።

"በቀን ስንት ጊዜ ነው ውሃ የሚነካዎት?"

"ስድስት ጊዜም ሰባት ጊዜም። በጥልፍ ቤቱ በር ላይ የበረኪና ውሃ ያለበት ሳፋ አለ። እጁን እዚያ ሳይነክር ወደ ነጭ ሐር የሚጠጋ የለም።"

"ማን ያወጣው ደንብ ነው?"

"እኔ ነኛ!" አሉ ቀና ብለው። "አንዲት ልጅ በላብ እጇ ቬሎ አቆሽሻ ሙሽራዋን አስለቀሰቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ እድፍ የሚባል ነገር ቤታችን ገብቶ አያውቅም።"

"የሌሎቹ ጠላፊዎች ጥፍርስ እንዴት ነው?"

"የሁሉም ያው ነው። የጠላፊ ጥፍር ይላጣል፣ የግንበኛ መዳፍ ይሻክራል። እግዜር ለየሙያው የሰጠው ነው።"

"እትዬ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይበሉ። ጥፍራችሁን የላጠው እግዜር ሳይሆን ሳፋው ነው። ጥፍር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ በቀን ሰባት ጊዜ ሲደጋገም ንብርብሩ ይለያያል። በረኪናው ደግሞ ያለችውን ወዝ ጠርጎ ይወስዳል።"

እንግዲህ አስቡት። ለዓመታት የኮሩበትን ነገር ትናንት የተመረቀች ልጅ በአንድ ትንፋሽ ስትንደው ማን ደስ ይለዋል? የእትዬ ሐር ፊት እንደ ቀይ ክር ቀላ።

"ገባኝ" አሉ፤ "አሁን ያንን ልትሸጪልኝ ነው።" በአገጫቸው ያመለከቱት ጥፍሯ የረዘመ ሴት የተሳለችበትን የቫይታሚን ብልቃጥ ነበር። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል ሰምቻለሁ።"

ልጅቱ ሄዳ ብልቃጡን አዞረችውና ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር ተፋጠጠ። "አልሸጥልዎትም። ሰውነት ካልጎደለው ቫይታሚን መጨመር ጥፍር አይሆንም። መጀመሪያ የጎደለው ይታወቅ። ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል?"

"ይደክመኛል። ዕድሜ ነው።"

"ሊሆን ይችላል። እንዲህ የጎደጎደ ጥፍር ግን የብረት ማነስም ያመጣዋል። ደምዎን ይመርመሩ።"

"ብረት? ሠላሳ ዓመት መርፌ ይዤ ብረት ያንሰኛል?"

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። አፏን በእጇ ስትሸፍን ደግሞ እትዬ ሐር የእሷን ጥፍር አዩ። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተልጧል፤ ጫፉ በጥርስ ተከርክሟል።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ" አሉ ረጋ ብለው።

"እውነትዎን ነው" አለች አንገቷን ደፍታ። "ሐሳብ ሲይዘኝ ቀለሙን በጥርሴ እልጠዋለሁ፤ ከቀለሙ ጋር ጥፍሩም ይነሣል። እኔም እተዋለሁ፣ እርስዎም ይተዉ።"

ጥፋቷን እንዲህ ማመኗ ነው የእትዬ ሐርን ልብ በመጠኑ ያላላው። ስህተቱን የሚያምን ሰው ሲመክር ጆሮ ያገኛል። ቢሆንም እሺ ብለው የሚሸነፉ ሴት አይደሉም።

"እንዲህ እናድርግ። ግራ እጄ ያንቺ፣ ቀኝ እጄ የኔ። ግራውን እንዳልሽኝ እይዘዋለሁ፤ ቀኙ ሳፋውን አይተውም። ስድስት ወር ይበቃሻል?"

"ጥፍር ከሥሩ በቅሎ ጫፍ እስኪደርስ የሚፈጅበት ያህል ነው። ይበቃኛል። ግን ሐኪም ክኒን ቢያዝልዎት እንዴት ለግራው ብቻ ይሆናል?"

"ክኒኑን ለሁለቱም እውጣለሁ። እልኸኛ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም።"

የደም ምርመራው በእርግጥ የብረት ማነስ አሳየ። ሐኪሙ መንስኤውን ፈትሾ ክኒን አዘዘላቸው። ምስር፣ ቅጠላ ቅጠልና ጉበት ከብርቱካን ወይም ከሎሚ ጋር እንዲበሉ፣ ሻይ ደግሞ ከምግብና ከክኒኑ እንዲያርቁ መከራቸው። ለግራ እጃቸው የወንድማቸው ልጅ ሥርዓት አወጣችለት። ሙጫውም፣ ጥፍር ይቆርጡበት የነበረው ምላጭም ተጣለ። ጥፍሩ አጥሮ ተቆረጠ፤ በደቃቅ ሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተሞረደ። እጁ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይደርቃል፤ ቤት ውስጥ ዕቃ ሲያጥብ ጓንት ያጠልቃል፤ ከሥራ ሲወጣና ሲተኛ ቫዝሊን ይቀባል። ቀኙን ግን ሐሩን እንዳይመዝ በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ሠሩበት። ሥራው ቢንቀረፈፍም ሦስተኛ ቬሎ አልተበላሸም።

"እትዬ፣ ግራ እጅዎ ሙሽራ ሆነች እንዴ?" እያሉ ጠላፊዎቹ ይቀልዱባቸው ነበር።

"ቀኝ እጄ ቀንታለች" ይሉ ነበር እሳቸውም።

የመጀመሪያው ወር ምንም አላሳየም። በሁለተኛው ደረጃ መውጣት ቀለላቸው። በሦስተኛው ከግራ ጥፍራቸው ሥር ልሙጥና ጠንካራ ጥፍር ብቅ አለ። የቀኙም መሃል እየሞላ መጣ፤ ጫፉ ግን መላጡን አልተወም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ።

በስድስተኛው ወር አንድ ጠዋት አሠሪው በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ሐር ቀኛቸውን ብቻ ነክረው ሲያልፉ አያቸው።

"እትዬ፣ ግራውስ? ደንብ ደንብ ነው። ደግሞ ያወጡት እርስዎ ነዎት።"

"ያወጣሁት እኔ ከሆንኩ የምሽረውም እኔ ነኝ። ና ከኋላዬ።"

እንደ ልማዳቸው ቀኛቸውን አድርቀው በስስ ጨርቁ ጠቀለሉና ነጭ ሐር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጠላፊዎቹ መርፌያቸውን አስቀምጠው ተሰበሰቡ። እትዬ ሐር ግራ እጃቸውን በሐሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር አንሸራተቱት፤ አንድ ክር አልተነሣም፣ አንድ እድፍ አልታየም። ከዚያ ከቀኙ ላይ ጨርቁን ፈቱ።

"እትዬ፣ ሐሩ ይበላሻል" አለ አሠሪው። "ሦስተኛዎ ነው።"

"ይበላሽ። ወደፊት ከሚበላሸው ሁሉ ይሄ ይሻላል።" ቀኙን አስኬዱት። ስንዝር ሳይሄድ ክር ያዘ። "አየህ? አንድ ሰው፣ አንድ ደም፣ አንድ ክኒን። ልዩነታቸው ሳፋውና አያያዛቸው ነው። አሁን ከፈለግህ አዝራር ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠኝ፤ ይህን እጅ ግን ሁለተኛ በረኪና አላስነካም። የእነዚህንም ልጆች አላስነካም።"

አሠሪው የተመዘዘውን ክር፣ ቀጥሎም ግራ እጃቸውን ደጋግሞ አየ። እሳቸው ወደ ጠላፊዎቹ ዞሩ። ልጆቹ የየራሳቸውን ጣት እያዩ ነበር።

"ከአያያዝ ይቀደዳል እያልኩ ሐር አያያዝ አስተማርኳችሁ፤ የእጃችሁን አያያዝ ግን አላስተማርኳችሁም" አሉ። "ጥፍራችሁን የላጥኩት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።"

ሳፋውን ራሳቸው ተሸክመው ወጥተው ፍሳሽ ማውረጃው ውስጥ ደፉት። የከለከላቸው የለም።

ዛሬ በዚያ በር ላይ ለስለስ ያለ ሳሙና፣ ንጹሕ ፎጣና ለየሰው የየራሱ ደቃቅ ሞረድ አለ። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮ የሚያቃጥለው ሽታ ጠፍቷል። ከጠላፊዎቹ ሁለቱ ተመርምረው የብረት ማነስ ተገኘባቸውና ታክመዋል፤ የቀሩት ምንም አልጎደላቸውም ተብለው ያለ ክኒን እጃቸውን በመንከባከብ ብቻ ድነዋል። ሐር ተመዘዘ ብሎ የሚያለቅስ የለም። የወንድማቸው ልጅም ልትጠይቃቸው ስትመጣ እትዬ ሐር ሰላምታ ሳይሰጡ "እስቲ እጅሽን አሳዪኝ" ይሏታል።

ሳፋው አልተጣለም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አዝራር ሞልቶበታል። ስድስት ወር ሙሉ እትዬ ሐር በተዛተባቸው በዚያ የአዝራር ጠረጴዛ ላይ በመጨረሻ የተቀመጠው እሱ ነው።