የእማዬ እጅ በፊልም መግቢያ

ይሄን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ክፍል ውስጥ ደፍሬ መናገር የጀመርኩት ዘንድሮ ነው፤ የፊልም ክበብም ገባሁ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ስንሠራ መግቢያው፣ ያ የሠሪዎቹ ስም የሚያልፍበት፣ ለእኔ ደረሰኝ። መምህራችን «ፊት እንዳታሳዪ፤ ሰው ማነው እያለ ይጨነቅ» አሉኝ። እኔም ቤት ሄጄ የእማዬን እጅ ቀረጽኩ። እማዬ ልጅ እያለች ታማ ጣቶቿ አጥረዋል፤ በዚያው እጇ ግን ጥልፍ ትጠልፋለች። ምስሉን አጨለምኩት፤ መርፌው ጨርቁን ሲበሳ የሚሰማውን ድምፅ ደግሞ ከፍ አደረግኩት። እሷ ጥልፏን የማሳይላት መስሏት እንዴት ደስ እንዳላት!

የወላጆች ቀን ፊልሙ ሲከፈት አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ስሞቹ በእጇ ላይ ሲያልፉማ አይናቸውን የሸፈኑም ነበሩ። አልቆ ስንወጣ የክፍሌ ልጅ ናሆም «አንቺ፣ ጉደኛ ነሽ እኮ! እጁ ሜካፕ ነው አይደል? ማን ሠራው?» አለኝ። እማዬ አጠገባችን ደርሳለች፤ አይቻታለሁ። ግን እውነቱን ካወቁ ይሸሹኛል ብዬ ፈራሁ።

«ሜካፕ ነው» አልኩ። «እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ናሆም ዞር ሲል አያት። «እናትሽ ናቸው?» ብሎ ሊጨብጣት እጁን ዘረጋ። እማዬ ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ጉንፋን ይዞኝ እንዳላስይዝህ» አለችውና በጭንቅላቷ ሰላም አለችው።

እማዬ ታክሲ ውስጥም ሆነ ገበያ፣ እጇን ከማንም ደብቃ አታውቅም። ያን ቀን የደበቀችው ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ ነው።