ለንግሥቲቱ ሳለቅስላት

ከሲልቨር ስፕሪንግ በሚነሳው ባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት የአገሬ ሴቶች ያወራሉ።

«የህንዷን ንግሥት ድራማ እያየሽ ነው?» አለች ነጠላ የለበሰችው።

«ባሏ የሞተ ጊዜማ ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ» አለች ጓደኛዋ።

«እኔስ ሀዘኗን ሳትጨርስ ዙፋን ላይ መውጣቷ ደስ አላለኝም።»

«ታዲያ አገሩን ለማን ትተወው?»

«መቼ ነው ያየሽው?»

«እዚሁ አሌክሳንድሪያ የሰናይት ባል ለቅሶ ዕለት።»

«ደብል ሺፍት ሥራ አለብኝ አላልሽም እንዴ?»

«ቤት ነበርኩ። አንድ ክፍል አይቼ እሄዳለሁ ስል መሸብኝ። አሁን አርባውም አለፈ፣ በምን ዓይኔ ልያት?»

«ያን ዕለት ያመጣሁልሽን ምግብ እኮ የቋጠረችልሽ ሰናይት ራሷ ናት። ‹ከሥራ ደክሟት ስትገባ ምን ትበላለች?› ብላ።»

እኔም መንገድ ላይ ልጨርሰው የከፈትኩትን ያንኑ ድራማ ዘግቼ፣ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።