የቬሎ ሰፊዋ እቴቴ እና የመድኃኒታቸው መጠን

ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ የታላቅ እህቴን የሕይወት ታሪክ በቤተሰቡ ስም ሳነብ፣ ትንሹም ትልቁም «እቴቴ» ይላቸው ስለነበር እኔም በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

እቴቴ ከቁልፍ ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ቢያጠናቅቁም፣ የአባታችን ዓይን ደክሞ ሥራ በማቆማቸው፣ እኛን ታናናሾቻቸውን ለማስተማር ሲሉ የራሳቸውን ትምህርት ትተው ከአንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሙያ ተማሩ። ብዙም ሳይቆዩ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሙሽራ ቬሎ መስፋት ጀመሩ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት በስፌት መኪናው ድምፅ ተማርረው አንድ ቀን ወደ ላይ ወጥተው «ጣራዬን ሊያፈርሱብኝ ነው» ቢሏቸው፣ እቴቴ ቀና ሳይሉ «ሙሽሮቹን የምልክልዎት እኔ፣ የሚያማርሩት እርስዎ» ብለው መለሱላቸው። በዓመቱ ተጋቡ። የሌሎች ቬሎ ስለተደራረበባቸው የራሳቸውን ሳይሰፉ በተራ ቀሚስ ተሞሽረው፣ «መርፌ ሁሉን አልብሳ ራቁቷን ትቀራለች» እያሉ ሲስቁ ኖሩ። ሁለት ሴቶች ልጆችም ወለዱ።

ታናሿ ልጃቸው አንድ ቀን ልብስ ስትለካላቸው አንገታቸው ላይ ንፍፊት ዳሰሰች። ምርመራው ቢ ሴል በተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ላይ የተነሣ የደም ካንሰር መሆኑን አሳየ። ሐኪማቸው፣ እነዚህን ሴሎች እንዲባዙ የሚያዘውን ኪናዝ የተባለ ፕሮቲን ለይቶ የሚያግድ፣ በየማለዳው የሚዋጥ እንክብል በሙሉ መጠን አዘዙላቸው። ንፍፊቱ ሟሸሸ፤ እኛም ተመስገን አልን። ነገር ግን ገላቸው ያለ ምት ይበልዝ፣ ልባቸው ያለ ልክ ይመታ ጀመር፤ መርፌ የነካው ጣታቸው ደሙ አልቆም እያለ የሰው ቬሎ ላይ ስለሚንጠባጠብ ከሥራቸው ተለያዩ።

ሐኪማቸውም፣ «መጠኑን ብንቀንሰው በሽታውን ይዞልን ሊቆይ ይችላል፤ ለእርስዎ የሚበቃው ምን ያህል እንደሆነ ግን አስቀድሞ የሚነግረኝ መለኪያ የለኝም» አሏቸው። እቴቴም፣ «እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ይቀነስልኝ» አሉ።

ተቀነሰላቸው። ደሙ ቆመ፣ ልባቸው ረጋ፣ ከዓመት በላይም እንደ ልማዳቸው ሲሰፉ ከረሙ። ከዚያ በኋላ ንፍፊቱ በአንገታቸውም በብብታቸውም ተመለሰ። መጠኑ ወደ ሙሉው ቢመለስ የልብ ምቱ መዛባት ብቻ መጣ፤ በሽታው መድኃኒቱን ማምለጫ መንገድ አግኝቶ ነበር። ሌላ መድኃኒት ቢተካም ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ባለቤታቸው ሐኪማቸውን፣ «ያኔ ባይቀነስ ኖሮ ይተርፉ ነበር?» ብለው ጠየቁ። ሐኪማቸውም፣ «ባይቀነስም ሊመጣ ይችል ነበር። በመቀነሱ አልመጣም ብዬ ግን ልምልልዎ አልችልም» አሏቸው። ይህ መልስ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልወጣም፤ የሚያስወጣውም አላገኘንም።

እቴቴ የመጨረሻዋን ሙሽራ ጨርቅ መቀስ ሳያስነኩት መለሱላት። ልጅቷ «እስኪሻልዎት እጠብቃለሁ» ብትላቸው፣ «አትጠብቂ ልጄ፣ ቀንሽ ያልፍብሻል» ብለው አሰናበቷት። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አላነሡም። በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እቴቴ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ያሳደጉንን ታናናሾቻቸውንና አብረዋቸው ሲሰፉ የኖሩትን ሴቶች ትተው ሄደዋል። ለእኛ መጽናናትን ለመለመን ዛሬ አቅሙን አላገኘሁም። ለእሳቸው ግን፣ ብዙ ደክመዋልና፣ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሕመም በማይደርስበት ያሳርፍልን።