የአራተኛው ፎቅ ባዶ ግድግዳ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የግንባታ ፎርማን
አድራሻ፦ ከጣውላ መሸጫው ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 318
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ጥር 19 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20

ወደ ጣቢያው የመጣሁት ሳልጠራ፣ በራሴ ፈቃድ ነው። ጥር 14 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ በከሰል ጭስ ታፍና ሆስፒታል የገባችው የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ ታላቅ እህቴ ናት። ሕንጻውን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ያሠራሁት እኔ ነኝ።

የግንባታ ደንቡ በውጭ ግድግዳ ውስጥ ሙቀት የሚይዝ ንጣፍ እንዲገባ፣ መስኮቱ ዙሪያውን በጎማ እንዲታሸግ፣ በየክፍሉም የአየር ማስወጫ እንዲኖር ያዛል። እስከ ሁለተኛው ፎቅ እንደ ደንቡ ሠራን። ከዚያ በኋላ ኮንትራክተሩ የንጣፉ ዋጋ ወገቡን እንደቆረጠው ነግሮኝ፣ "ሰው መስኮት ያያል እንጂ የግድግዳ ሆድ ከፍቶ አያይም" አለኝ። ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ ግድግዳውን ባዶውን አስገነባሁ። የአየር ማስወጫውም ክዳኑ ብቻ ተለጠፈ፤ ከኋላው ቀዳዳ የለም። ተቆጣጣሪው መጥቶ ግድግዳ ከፍቼ እንዳሳየው ሲጠይቀኝ አንደኛ ፎቅ ወስጄ አሳየሁት። አመስግኖኝ፣ ፈርሞ ሄደ።

እህቴ ጡረታ ወጥታ ቤት ስትፈልግ በሕንጻው ሁለተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍት ቤት ነበር። ብርሃን አለው ብላ የላይኛውን መረጠች። ደረጃው ይከብድሻል ከማለት በቀር ትንፍሽ አላልኩም። እውነቱን ብነግራት፣ "ሌሎቹ ነዋሪዎችስ?" ብላ እንደማትለቀኝ አውቅ ነበር።

ብርዱ ሲጀምር ደውላ ግድግዳው እንደሚያልበው፣ አልጋዋንም ወደ መሃል እንደሳበች ነገረችኝ። የሁለተኛ ፎቅ ጎረቤቷ ያለ ማሞቂያ መክረሟም ገርሟታል። እኔም፣ "እርጅና ነው እትዬ" ብዬ ቀለድኩባት፤ ሳቀች።

በሳምንቱ የከሰል ምድጃ ገዛች። መስኮቱን እንደ ደንቡ አጥብቄ ስላሸግኩት አየር የሚባል አያሳልፍም። ወድቃ ያገኘቻት ያቺው ጎረቤቷ ናት።

ሆስፒታል ስደርስ ለፖሊስ ቃሏን ሰጥታ ነበር። እጄን ይዛ፣ "ከሰል ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው አልኳቸው። አንተን ከሥራህ እንዳያስተጓጉሉህ ብዬ ነው" አለችኝ። እስከ ዛሬ አምስት ቀን ዝም ብያለሁ።

እህቴ ጥፋቱን በራሷ ላይ ያደረገችው ባለማወቅ ስለሆነ ቃሏ እንዲታረምላት አመለክታለሁ። በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ ያሉት አሥራ አንድ ቤተሰቦች ዛሬውኑ እንዲነገራቸውም እጠይቃለሁ። ለእህቴ ግን ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው፣ እኔው እንድነግራት ለምኜ መርማሪው አብሮኝ ሊሄድ ተስማምቷል።

ከላይ የተጻፈው ቃል ተነብቦልኛል። እኔ የተናገርኩት ነው፤ የተጨመረበትም ሆነ የተቀነሰበት የለም። እውነት ስለመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________