«ወረወርን» የሚሉት አባት

አርቪድ ሩድ ቅዳሜ ጠዋት የአሳማ መኖ ሊጭኑ ወደ ከተማ ብቅ ባሉበት፣ መኖ መሸጫው በር ላይ ከዴና ክሊንገር ጋር ተገጣጠሙ። ዴና በዚያች ትንሽ የአዮዋ ከተማ ኬሚስትሪ የምታስተምር ወጣት ናት። ኮሌጅ ሳለች ዲስከስ የሚባለውን ክብ ዝርግ መወርወሪያ ትወረውር ነበር፤ ከተመረቀች በኋላም እዚያው አዳዲስ አትሌቶችን ለሚመለምለው አሰልጣኝ ረዳት ሆና ሠርታለች። አርቪድ ደግሞ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጃቸውን ማሪትን ለብቻቸው ያሳደጉ ገበሬ ናቸው።

«እንደምን አደሩ ሚስተር ሩድ? ትናንት ማሪት የዲስከስ ውድድር ነበራት አሉ።»

«ነበረን እንጂ። ወረወርን፣ አሸነፍን። ዛሬ ከሰዓት አንዲት የኮሌጅ አሰልጣኝ ቤታችን ትመጣለች። ለቡድኗ ከተቀበለችን ትምህርቱ በነጻ ነው። ካልተቀበለችን ግን ማሪት ኮሌጅን በሕልሟ ነው የምታየው፤ አቅሜን ታውቂዋለሽ።»

«ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ ነው የወረወራችሁት?» አለች ዴና ፈገግ ብላ።

በዚያ አገር የአትሌት ወላጆች ከአጥር ወዲህ ቆመው ቋሊማ ሲበሉ ይውሉና ማታ «ሮጥን፣ ዘለልን» ይላሉ። ልማድ ነው፤ ከፍቅር የመጣ ስለሆነም ማንም አይነቅፈውም። ዳሩ ግን ፍቅርም ሲበዛ መንገድ ይዘጋል።

«አሰልጣኟ ስትደውል ማን ነው የሚያነጋግራት?» አለች ዴና።

«እኔ ነኛ። ማሪት ዓይናፋር ናት። የውርወራዋን ቪዲዮም የላክሁት እኔ ነኝ፤ የተበላሸ የተበላሸውን ቆርጬ፣ ምርጥ ምርጡን።»

«እሱን ነበር የፈራሁት።»

«ምን ያስፈራል? ሩቅ የወረወረ ይወሰዳል፣ አለቀ። እኔ አሳማ ስገዛ ሚዛን ላይ አወጣለሁ እንጂ ጠባዩን አልጠይቅም።»

«ታዲያ አምና ያንን ከሲታ ግልገል ለምን ገዙት? ከተማው ሁሉ ስቆብዎት አልነበር?»

«አጥንቱን አይቼ ነዋ። ገና የሚያድግ ነበር፤ ይኸው አደገ።» አሉና የገዛ ቃላቸው ያዛቸው።

«አሰልጣኞችም እንደ እርስዎ ናቸው» አለች ዴና። «ርቀቱ በር ያስከፍታል እንጂ አያስገባም። ካምና ዘንድሮ ምን ያህል እንዳሻሻለች ያያሉ። የክፍል ውጤቷንም ይጠይቃሉ፤ ትምህርቷን የጣለች ልጅ መወዳደር አትችልማ። ከሁሉ ይልቅ ግን ሲበላሽባት ምን እንደምታደርግ ማየት ይፈልጋሉ። እርስዎ ደግሞ እሱን ቆርጠው ጣሉት።»

«ሲበላሽባትማ ምን ታደርጋለች? መጥረጊያ አንስታ የሚወረወርበትን ክብ ትጠርግና ተከትላ ለምትወረውረው ልጅ ትለቃለች። ይሄ ምኑ ይታያል?»

«እሱ ነው የሚታየው፣ ሚስተር ሩድ። እኔ ረዳት ሳለሁ አንዲት ጎበዝ ልጅ ልናይ ሄደን፣ የጠየቅነውን ሁሉ እናቷ መለሰችልን። አሰልጣኛችን ልጅቷን ቢወዳትም ተዋት። ‹ከቤት ርቃ ቁርጭምጭሚቷን ቢያማት ማን ሊነግረኝ ነው?› አለ።»

አርቪድ የመኖውን ጆንያ አፍ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። «እናቷ የሞተች ጊዜ ማሪት ትንሽ ነበረች። ስንት ወር ሙሉ አልተናገረችም። ያን ጊዜ ነው በሷ ፈንታ መናገር የጀመርኩት። መቼ እንደማቆም ግን የነገረኝ ሰው የለም።»

ዴና ጠጋ አለቻቸው። «ዛሬ ያቁሙ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዝም አይነቅዝም።»

ከሰዓት አሰልጣኟ መጣች፤ ፕሩዊት ትባላለች። ማሪትን «ሲበላሽብሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ማሪት ጎንበስ አለች። አርቪድ መልሱ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ቢቸግራቸው ትልቅ ቁራሽ ኬክ አንስተው አፋቸውን ሞሉ። ማሪት አባቷን አየች፤ ጉንጫቸው ተነፍቶ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አምና ሦስቱንም ውርወራ አበላሸሁ» አለች በመጨረሻ። «ከአውቶቡሱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ከዚያ ጓደኛዬ ተራዋ ስለነበር ፊቴን ታጥቤ ላበረታታት ተመለስኩ።»

አንዴ ከጀመረች አላቆመችም። ስትወረውር ግራ እግሯ እንደሚዘገይባት፣ ኮሌጅ ገብታ የእንስሳት ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ ሁሉ ተናገረች። ይህን የመጨረሻውን አርቪድም ገና መስማታቸው ነበር።

«አባትሽ በስልክ ‹ወረወርን› ሲሉኝ ነው የከረሙት» አለች አሰልጣኟ እየሳቀች። «ከሁለታችሁ ወርዋሪው ማን ነው?»

«የምወረውረው እኔ ነኝ። ግን ከበረቱ ጀርባ ሲሚንቶ አፍስሶ ክቡን የሠራልኝ እሱ ነው። ዲስከሱ በቆሎው ውስጥ ሲገባ የገዛ አዝመራውን እየረገጠ የሚፈልግልኝም እሱ ነው። ወረወርን ቢል አልዋሸም።»

አርቪድ ኬኩን ውጠው ሌላ ቁራሽ አነሱ።

ይህ ወሬ ከተዳረሰ ወዲህ በዚያች ከተማ ወላጆች ስልኩን ለልጆቻቸው ይሰጣሉ፤ የተበላሸውንም ውርወራ ሳይቆርጡ ይልካሉ። ልጆቹም ስለ ራሳቸው መናገር ስለለመዱ፣ ኮሌጅ ያልገቡት እንኳ ሥራ ፍለጋ ሲሄዱ አንገታቸውን አይደፉም።

ያን ጊዜ ግን፣ ከጉብኝቱ በኋላ ባለው ሰኞ፣ ዴና አርቪድን መንገድ ላይ አገኘቻቸው።

«እንዴት ሆነ?»

አርቪድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ተቀበለች...» ብለው ጥቂት ቆሙና፣ ቃሉን እንደ አዲስ ጫማ እየሞከሩት ጨረሱት። «ተቀበለቻት።»