ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የማይተዋወቁ አንዲት ጠና ያሉ ሴትና ትንሽ ካርቶን ያቀፈ ወጣት ተቀምጠዋል።

«እሱ ምንድን ነው ልጄ?»

«ግራፊክስ ካርድ ይባላል እማማ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። የሰርግ ቪዲዮ ነው የማቀናብረው፤ ያለሱ ምስሉ እየተንቀራፈፈ አላሠራ ይለኛል።»

«ታዲያ አዲስ ዕቃ ገዝቶ እንዲህ መተከዝ ምንድን ነው?»

«ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ተቃጠለ።»

«መብራት ነዋ! ሄደ መጣ እያለ ስንቱን ዕቃ ፈጀው።»

«መብራት እንኳን አይደለም። እናቴ ናት።»

«እንዴት አድርጋ?»

«ከርካሾቹ ገዝቼ ራሴ ገጠምኩት። የኮምፒውተሩ ሳጥን ጠባብ ስለሆነ ክዳኑ አልዘጋ አለኝ፤ ክፍቱን ተውኩት። እሷ ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ብላ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው።»

«ዳንቴል ምን ያደርገዋል?»

«አየር ይከለክለዋል እማማ። ቪዲዮ እንዲሠራ ከፍቼው ወጣሁ፤ ስመለስ ግሎ ግሎ ተቃጥሏል።»

«ነገርካት?»

«በደከመ ዓይኗ የለፋችበትን? መብራት ነው ያቃጠለው አልኳት።»

«አመነችህ?»

«ብታምነኝ አይደል ሌላ ዳንቴል የጀመረችው። ይሄኛው እንዲያውም ሰፋ ይላል።»



«እኔም ለቴሌቪዥናችን ሠርቼለት ነበር» አሉ ሴትዮዋ ቀስ ብለው። «የተቃጠለ ጊዜ ልጄን ብጠይቀው፣ መብራት ነው አለኝ።»

እስክወርድ ድረስ ወደ ኋላ ሳልዞር፣ በመስኮቱ የየካን ባሕር ዛፍ ሳይ ቆየሁ።